ኢስታንቡል ላይ ታክሲ እንዴት ነው? ከእናቴ ጋር ልሄድ ነው

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከእናቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ኢስታንቡል ልንሄድ ነው። ለጉብኝት ብቻ ነው፣ ንግድ የለንም። ሆቴላችን ላሌሊ ነው፤ የምንደርሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይኖረናል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "ባለታክሲዎቹ ዓይን ያወጡ ናቸው" እያለ አስፈራራኝ። እንደ አዲስ አበባ ኮንትራት ቀድሜ ዋጋ ልቁረጥ? ወይስ ቆጣሪ አላቸው? በዶላር መክፈልስ ይቻላል? ቱርክኛ አንድ ቃል አልችልም።

መንገደኛው
እህቴ፣ ታክሲ ምን ያደርግላችኋል? እዚያው ኤርፖርቱ ውስጥ ሜትሮ አለ። ቀጥ ብሎ አክሳራይ ያደርሳችኋል። ከዚያ ላሌሊ በእግር ነው። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ተማሪ ከኢስታንቡል
መንገደኛው ያሉት ለድሮው ኤርፖርት ልክ ነበር። አታቱርክ ግን ለመንገደኛ በረራ ከተዘጋ ቆይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በረራው ሁሉ ወደ አዲሱ ተዛውሯል። አዲሱ ከከተማው በስተሰሜን፣ ወደ ጥቁር ባሕር ተጠግቶ ነው ያለው። ላሌሊ ድረስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

እሱም ሜትሮ አለው፣ ኤም 11 ይባላል። ግን የሚያወርዳችሁ ጋይሬትቴፔ ነው። ከዚያ ኤም 2 ይዛችሁ ቬዝነጂለር ትወርዱና ላሌሊ ድረስ ሻንጣ መጎተት ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው አልመክርም። ደግሞ ንጋት ላይ ከደረሳችሁ፣ ሜትሮው ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ላይጀምር ይችላል።

አንድ ነገር አረጋግጪ። ቲኬታችሁ ላይ ሳቢሃ ጎክቼን የሚል አለ? እሱ በእስያ በኩል ያለው ሌላ ኤርፖርት ነው። ከሆነ ምክሩ ሁሉ ይቀየራል።

ጠያቂዋ
አመሰግናለሁ። አየሁት፣ አዲሱ ነው። ታዲያ ታክሲ መያዛችን ካልቀረ ዋጋ ልቁረጥ ወይስ አልቁረጥ?

የላሌሊ ደንበኛ
እንዳትቆርጪ የኔ እህት! እኔ ለልብስ ንግድ ስመላለስ ኖሬያለሁ። የኛን ሰው የሚያስበላው እሱ ነው። እኛ አገር ዋጋ ቀድሞ መቁረጥ ብልጠት ነው። እዚያ ግን "ስንት ትወስደኛለህ?" ካልሽ፣ የቆጣሪውን ዋጋ እንደማታውቂ ነገርሽው ማለት ነው። ታሪፉን የሚያወጣው ከተማው ነው። ታክሲው በሙሉ በቆጣሪ የመሥራት ግዴታ አለበት። ቀንም ሌሊትም ታሪፉ አንድ ነው። "የሌሊት ነው" ብሎ ሊጨምርብሽ የሚሞክር አይጠፋም፤ እሺ አትበይው።

ቆጣሪውን ዳሽቦርዱ ላይ ብቻ አትፈልጊ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው የኋላ ማሳያ መስታወቱ ላይ ነው። ቀና ብለሽ ስታዪ መስታወቱ ውስጥ ቁጥር ይበራል። ካልበራ አልተከፈተም። በሩን ሳትዘጊ "ታክሲሜትሬ ሉትፈን" በይው፣ ቆጣሪ እባክህ ማለት ነው። እጁን ካወናጨፈ ወርደሽ ቀጣዩን ያዢ። ሻንጣው ኮፈን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መከራከር ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጣሪ፣ ከዚያ ሻንጣ።

የራይድ ሾፌር
እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ አንድ ጊዜ ለጉብኝት ሄጄ አይቻለሁ። ሹፌሩን ሁሉ ሌባ ማለት ደስ አይለኝም። እዚያ የታክሲ ታርጋ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፣ ዋጋውም ሰማይ ነው። አብዛኛው ሹፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። ለባለታርጋው ገቢ ካስገባ በኋላ ነው የራሱን የሚያገኘው። ከላሌሊ ሱልጣናህመት ውሰደኝ ስትይው ፊቱን የሚያዞረው ለዚህ ነው። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ሂሳቡ ትንሽ ነው። እኔም ብሆን ቦሌ መድኃኔዓለም ቆሜ ኤድናሞል ድረስ የሚል ቢመጣ... ተዉት።

የላሌሊ ደንበኛ
ወንድሜ፣ ገቢ ማስገባት ሌላ፣ ብር መለወጥ ሌላ! እኔን የገጠመኝን ልንገራችሁ። የ200 ሊራ ኖት ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ ዝርዝር የሚፈልግ መሰለኝ። ዞር ሲል እጁ ላይ ያለው 20 ሊራ ነው። "ይኸው 20 ነው የሰጠሽኝ፣ ጨምሪ" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሁሉም የሊራ ኖት ላይ ያለው የአታቱርክ ፎቶ ነው። በችኮላ ያምታታል።

ስለዚህ ስትከፍዪ ኖቱን ከፍ አድርገሽ ያዢና ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ተናገሪ። በእንግሊዝኛም ይሁን በጣት። ከዚያ ስጪው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝርዝር ይዞ መግባት ነው።

ጠያቂዋ
ይሄን ማንም አልነገረኝም። ዶላርስ?

ተማሪ ከኢስታንቡል
ታክሲ ላይ ዶላር አታውጪ። ምንዛሪውን በራሱ ሒሳብ ነው የሚመታብሽ። ኤርፖርት ለታክሲና ለውሃ የሚበቃሽን ብቻ ቀይሪ። እዚያ ምንዛሪው ዝቅ ያለ ነው። የቀረውን ላሌሊና አክሳራይ "ዶቪዝ" የሚል ታፔላ ያለበት ቤት ሁሉ ይቀይርልሻል። ኖቱ አዲስና ያልተጣጠፈ ይሁን።

ስለ ቀለሙም ልንገርሽ። ታክሲ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ የመሰለው ቱርኩዋዝ፣ እና ጥቁር። ቢጫው ርካሹ ነው። ቱርኩዋዙ ትንሽ ይጨምራል፣ ጥቁሩ በደንብ ይወደዳል። ለአንቺ ቢጫው ይበቃል። ከተርሚናሉ ስትወጡ ሰልፉ አለ፤ እዚያ ተሰለፉ። ውስጥ ሆኖ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ ወደ ሻንጣሽ የሚጠጋ ሰው ካለ እለፊው።

አፕም አለ። ቢታክሲ የሚባል አለ፣ ኡበርም ይሠራል። ግን ኢስታንቡል ላይ ኡበር ስትጠሪም የሚመጣው በአብዛኛው ያው ባለፈቃዱ ታክሲ ነው፣ የሚከፈለውም ቆጣሪው የመዘገበው ነው። ጥቅሙ ታርጋውና መንገዱ ስልክሽ ላይ መመዝገቡ ነው። ሹፌሩ ያንን ስለሚያውቅ ጸባዩ ይለያል። የማረጋገጫ ቁጥሩ በኢትዮጵያ ስልክሽ ስለሚላክ እዚያ ሳትደርሺ እዚሁ አዲስ አበባ ተመዝገቢ።

መንገደኛው
እሺ፣ የኔው መረጃ አርጅቷል። ሃቫይስት የሚባለው አውቶቡስ ግን አሁንም አለ አይደል? ሻንጣ ከታች ይጭናል፣ ወደ አክሳራይ የሚሄድ መስመር አለው። ከታክሲው በጣም ይረክሳል። አክሳራይ ከወረዱ በኋላ ለእናትየው አጭር ታክሲ መያዝ ነው።

የላሌሊ ደንበኛ
እዚያ ላይ ነው ችግሩ። ከአክሳራይ ላሌሊ ድረስ ማን ይጭናቸዋል? ቅድም የራይዱ ልጅ ነገረን እኮ። እናት ይዛለች፣ ከሌሊት በረራ ነው የምትወርደው። ለዚያች አንድ ጊዜ ትክፈልና ከኤርፖርት በቀጥታ በታክሲ ትሂድ። ወይም ሆቴሉ መኪና ይልክላት። ሆቴሉ ኮሚሽን ይጨምርበታል፣ እሱ የታወቀ ነው። ግን ስሟን ጽፎ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዋጋ ቆርጦ መሄድ የሚያዋጣው እዚያ ጋ ብቻ ነው።

በታክሲ ከሄድሽ የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቱርክኛ ጽፈሽ ያዢ። የላሌሊ መንገድ ጠባብ ነው፣ ብዙው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው። ሲዞር ብታዪ ሁልጊዜ ሊያታልልሽ ነው ማለት አይደለም። ስልክሽ ላይ ካርታውን ክፈቺና እንዲያይሽ አድርጊ። ካርታ እያየ ያለ ተሳፋሪ ብዙ አይዞርበትም።

ጠያቂዋ
ገባኝ። ለመምጫው ሆቴሉን እጠይቃለሁ። ለከተማው ውስጥስ? ሱልጣናህመት፣ አያ ሶፊያ፣ በጀልባ ወደ እስያ ማዶ መሻገር... ሁሉም በታክሲ ከሆነ አልችልም።

ተማሪ ከኢስታንቡል
ለእሱማ ታክሲ አያስፈልግሽም። ላሌሊ ቲ 1 የሚባለው ትራም መንገድ ላይ ነው። ሱልጣናህመት ሦስተኛው ፌርማታ ነው፤ በያዚት፣ ቼምበርሊታሽ፣ ከዚያ ሱልጣናህመት። አያ ሶፊያና ሰማያዊው መስጊድ እዚያው ናቸው። ወለሉ ከመሳፈሪያው እኩል ስለሆነ እማማ እግር ሳያነሱ ይገባሉ። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ግን ግፊያ ነው። ረፋድ ላይ ውጡ፣ መቀመጫም ይለቁላቸዋል። ትልቅ ሰው ያከብራሉ።

ኢስታንቡልካርት የሚባል ካርድ ከማሽኑ ግዢ። አንዱ ካርድ ለሁለታችሁም ይበቃል፣ ሁለቴ ማስነካት ነው። በዚያው ካርድ ኤሚኖኑ ላይ ጀልባ ይዛችሁ ካዲኮይ ወይም ኡስኩዳር ትሻገራላችሁ። በታክሲ ብትሻገሩ የድልድዩ ወይም የቱነሉ ክፍያ ቆጣሪው ላይ ይደመርባችኋል። ያ ሕጋዊ ነው፣ አትጣሉበት።

የራይድ ሾፌር
አንድ ነገር ልጨምር። ስትሳፈሪ የታርጋውን ፎቶ አንሺ። 34 ብሎ ቲ ፊደል ይከተላል። ግልጽ አድርገሽ አንሺው፣ ሹፌሩ ቢያይሽም ግድ የለም። ማናችንም ሹፌሮች ታርጋችን ፎቶ ከተነሳ በኋላ ፀባያችን ያምራል።

ተማሪ ከኢስታንቡል
ልክ ነው። ከተበላሸም 153 ነው የሚደወለው፣ የከተማው አስተዳደር ነው። ታርጋውን፣ ሰዓቱንና ከየት ወዴት እንደሄዳችሁ ይጠይቋችኋል። ሱልጣናህመት አካባቢ የቱሪስት ፖሊስም አለ። ብዙ ጊዜ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም፤ ጭቅጭቅ ከተነሳ ሆቴሉ በር ላይ አስቁሚና እንግዳ ተቀባዩን ጥሪው። በቱርክኛ ሁለት ቃል ሲባባሉ ሂሳቡ ይወርዳል።

ጠያቂዋ
ለመመለሻውስ? በረራችን ማታ ነው።

የላሌሊ ደንበኛ
ማታ ከሆነ አደራ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እንዳትነሺ። መንገዱ ይቆማል፣ ቆጣሪው ግን ቆሞም ይቆጥራል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ውጡ። ሻንጣችሁ ከገበያ በኋላ ከሁለት በላይ መሆኑ አይቀርም፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ መኪና እንዲጠሩላችሁ ሆቴሉን ከዋዜማው ንገሪ። ኤርፖርቱ ውስጥ ደግሞ እግር የሚያደክም ርቀት ነው። ለእናትሽ ዊልቸር አሁኑኑ ከአየር መንገዱ ጠይቂ፣ በነጻ ነው።