በጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ቀድሞ የሚጎዳው ልም አጥንቱ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው አጥንት?

ለመመረቂያ ጽሑፌ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስን፣ ማለትም መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ እየተበላ የሚሄድበትን በሽታ፣ ሳጠና ከአንድ ጥያቄ አልፌ መሄድ ስላቃተኝ፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልም አጥንት፣ ማለትም ካርቲሌጅ፣ የደም ሥርም ሆነ ነርቭ ስለሌለው ሕመሙ በአብዛኛው ከሥሩ ካለው አጥንትና ከመገጣጠሚያው የውስጥ ሽፋን እንደሚመነጭ ተረድቻለሁ። በኤምአርአይ የመቅኔ ጉዳት በሚታይበት ስፍራ ልም አጥንቱ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ የመሳሳት ዕድል እንዳለውም አንብቤአለሁ።

ግራ ያጋባኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ኤሪክ ራዲን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባቀረበው መላምት መሠረት፣ በተደጋጋሚ ጫና ጥቃቅን ስንጥቅ የሚደርስበት አጥንት ሲጠገን እየደደረ ስለሚሄድ ጫናን የማብረድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ጉዳቱም ወደ ልም አጥንቱ ይዞራል። በሌላ በኩል ግን፣ ሕመሙ በጠናባቸው ጉልበቶች አጥንቱ ቢወፍርም የማዕድን ክምችቱ አነስተኛ በመሆኑ ቁሱ ራሱ ከጤናማው ይልቅ ልል እንደሆነ ተጽፏል። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? የሜኒስከስ (በጉልበት ውስጥ ጫናን የሚያበርደው ትራስ መሰል አካል) መቀደድ ወይም የእግር መወልገድ ጫናውን ወደ አንድ ወገን ሲያበዛው ልም አጥንቱና ከሥሩ ያለው አጥንት አብረው ይጎዳሉ የሚለው ማብራሪያ ለእኔ ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ብቻ የተነሣ ምስል የትኛው እንደቀደመ ሊያሳይ አይችልም (ራጅማ ልም አጥንቱን ጭራሽ አያሳይም)። ስለዚህ ሁለቱን ለውጦች ከበሽታው መነሻ ጀምሮ ጎን ለጎን የሚለካ አካሄድ የሚያውቅ ቢያብራራልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።