የአሜሪካ ዳኛ አይባረርም ሲባል አልነበር?

ሰይድ ከሐይቅ፦
ወንድሜ አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቆ ችሎት ይጠብቃል። ሰሞኑን ጠበቃው ደውሎ፣ ዳኛዋ ከሥራ ስለተሰናበተች መዝገቡ ወደ ሌላ ዳኛ እንደሚዛወርና ቀጠሮው እንደሚራዘም ነገረው። እናታችን «ዳኛም ይባረራል እንዴ?» ብላ ሲኒውን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። እኔም በሥነ ዜጋ ትምህርት የተማርኩት የአሜሪካ ዳኛ ዕድሜ ልኩን እንደሚሾም ነው። የምታውቁ አስረዱኝ።

የቀድሞ ዳኛ፣ ደሴ፦
ሰይድ፣ አብሽር። የተማርከው ልክ ነው፤ የወንድምህ ዳኛ ግን ከእነዚያ ወገን አይደለችም። በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 3 የሚሾሙትን ፕሬዚዳንቱ ያቀርባል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል፤ በተወካዮች ምክር ቤቱ ተከሰው በሴኔቱ ካልተፈረደባቸው በቀር ከወንበራቸው አይነሡም፣ ደመወዛቸውም አይቀነስም። የስደተኞች ጉዳይ ዳኞች ግን የፍትሕ ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው፤ የሚሾማቸውም የሚኒስቴሩ ኃላፊ የሆነው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው። ይግባኝ ሰሚው ቦርድም እዚያው ሚኒስቴር ውስጥ ነው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ከፈለገ መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ ይወስናል። ካባቸውን አይታችሁ አትሳሳቱ። በ2025 (ዓመቶቹን በፈረንጆች እጽፋለሁ) በርካቶቹ ሲሰናበቱ ሴኔቱን የጠየቀ አልነበረም።

እኔ በዳኝነት ሳለሁ አንድ የወረዳ ሹም ስለ መሬት ክርክር «እንዴት ሊሆን ነው?» እያለ ቢሮዬ ድረስ መጣ። መዝገቡን ከድኜ ሻይ አዘዝኩለት፤ ስለ በልግ ዝናብ አውርተን ሸኘሁት። ደመወዜ በእጁ ቢሆን ኖሮ ወሬው በዝናብ ያበቃ ነበር ብዬ አልምልም።

ነጋዴ ከኮምቦልቻ፦
እኛስ ግብር ሲጫንብን ፍርድ ቤት ሳንደርስ የምንሄደው ፍርድ ቤት ወዳልሆነው የግብር ይግባኝ ኮሚሽን አይደል? ፍርድ ቤት የምንደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞስ ሥራ ከበዛባቸው ዳኛ አይጨምሩም?

የቀድሞ ዳኛ፣ ደሴ፦
ግብር በገንዘብ ይመለሳል ወንድሜ፤ ሸሽቶ ወደ ወጣበት አገር የተባረረ ሰው ግን በምን ይመለሳል? በእነዚያ ችሎቶች የተከማቸው መዝገብ ከ3 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፤ ለድኻውም መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። ችሎቶቹን ከሚኒስቴሩ አውጥቶ ራሳቸውን የሚያስችል ረቂቅ በ2022 ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለእኔ መፍትሔው እሱ ነበር።

ዳኛ መጨመርም ፖለቲካ ነው። ዕድሜ ልክ የሚሾሙት ዳኞች ለሚያስችሉባቸው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች 66 ወንበር የሚጨምረውን ሕግ ሴኔቱ በ2024 ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በፊት አጸደቀው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ግን ያጸደቀው አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ነው፤ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባይደንም ውድቅ አደረጉት። ሕጉ ያማረው ሹመቱን የሚሰጠው ፕሬዚዳንት ማን እንደሆነ እስኪታወቅ ነበር።

ሰይድ፣ ወንድምህ በቦርዱም ቢሸነፍ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተሾሙትን የሚያገኘው ያኔ ነው። ለአሁኑ ግን አድራሻ ከቀየረ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለችሎቱ ያሳውቅ። የቀጠሮ ወረቀቱ በድሮው አድራሻ ሄዶ ቢቀር፣ በሌለበት የመባረር ትእዛዝ ሊሰጥበት ይችላል።

ሰይድ ከሐይቅ፦
ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ቤት የቀየረው በቅርቡ ነው። አሁኑኑ ልደውልለት።