ደሴ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ጥገና፦ ለአንድ ሰው በቁርጥ ልስጠው ወይስ ለየሙያው ሰው ልፈልግ?

የሆጤ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ያለው የወላጆቼ ቤት ጥገና ያስፈልገዋል፤ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ እናቴ ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ቤቱ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ፣ ኋላ ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ አሸንዳ የሌለው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት የሳሎኑ ኮርኒስ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ መሬት የሚወርድ ስንጥቅ ወጣ፤ በጓሮ በኩል ያለው ልስንም በሰፊው ተላቅቆ ወደቀ። ከዚህ ሌላ ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ መብራት ይደበዝዛል፣ ሶኬቱም ይግላል።

በጎረቤት ጥቆማ የመጣ አንድ ባለሙያ ጣሪያውንም፣ ግድግዳውንም፣ የመብራቱን መስመርም በቁርጥ ዋጋ ጨርሼ አስረክባለሁ ብሏል። ዕቃውን ራሱ እንደሚገዛና ለመጀመር የጠቅላላውን ግማሽ እንደሚፈልግም ነግሮናል። እናቴ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አትጨቅጭቁት» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንድ ሰው ሲሰጥ ይሻላል ወይስ ለየሙያው ሰው ሲፈለግ? በልጉ ሳይገባ እንዲያልቅልኝ እፈልጋለሁ።

ጡረተኛው ግንበኛ

እህቴ፣ ስለ ሰውየው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ቤቱ እንነጋገር። ከዘረዘሯቸው አራት ችግሮች መካከል ሦስቱ ማለትም የሚያንጠባጥበው ኮርኒስ፣ የወደቀው ልስንና የመስኮቱ ስንጥቅ የአንድ ውኃ ሥራ ይመስሉኛል። አሸንዳ በሌለው ቤት የክረምቱ ዝናብ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ እየወረደ የግድግዳውን ግርጌ ይደበድባል፤ ደሴ ደግሞ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ ያረፈች ከተማ በመሆኗ ከላይ ካለው ግቢ የሚመጣው ጎርፍ ይጨመርበታል። መሠረቱ ያረፈው በጥቁር አፈር ላይ ከሆነ አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤቱም አብሮት ይነሣና ይወርዳል። ስለዚህ ባለሙያውን በቅድሚያ የምጠይቀው «ስንት ታስከፍላለህ?» ብዬ ሳይሆን «ውኃው ከየት ይመጣል ትላለህ?» ብዬ ነው። ዙሪያውን ሳይዞርና ጣሪያው ላይ ሳይወጣ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው የሚጠግነውን ገና አላወቀም።

ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ጥቂት ጀሶ በውኃ አቡክተው ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ በሁለት ቦታ ይለጥፉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ስለሆነ፣ ውኃው ከመሠረቱ ሳይርቅ የሚደረግ ልስን ሁሉ የገንዘብ ብክነት ነው። ተመሳሳይ ስንጥቅ በግቢው መሬትና በጎረቤት አጥር ላይም ከታየ ግን ነገሩ የመሬት መንሸራተት ሊሆን ስለሚችል፣ ከግንበኛ አልፎ ለቀበሌው ማመልከት ይገባል፤ ደሴ ለዚህ አደጋ እንግዳ አይደለችም።

ጣሪያውን በተመለከተ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ሚስማሩ ነው። የባሕር ዛፉ ማገር እየደረቀ ሲሄድ ሚስማሩን ይለቀዋል፤ ከሥሩ ያለውን ጎማ ደግሞ የደጋው ፀሐይና የሌሊቱ ውርጭ ያደርቁታል። የላላው ሚስማር ይነቀልና በረዘመና አዲስ ጎማ ባለው ይተካል፤ የሚመታውም በቆርቆሮው እጥፋት ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ መሆን የለበትም። ቆርቆሮ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ያስታውሱ፤ 35 ከ30 ይሳሳል።

የጓሮው ልስን የወደቀው ሲሚንቶና ጭቃ አብረው ስለማይተነፍሱ ነው። ጭቃው እርጥበት ሲገባና ሲወጣ ይንቀሳቀሳል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው፤ በመካከላቸው የታፈነው ርጥበትም ቀስ በቀስ ያለያያቸዋል። ያልወደቀውን በጣትዎ ቢያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሁሉ ተላቋል። ለእኔ የሚሻለው በጭድ ተቦክቶ በቆየ ጭቃ መልሶ መለሰንና በኖራ መቀባት ነው። ሲሚንቶ ይሁን ካሉ ግን በግድግዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ሳይመታ እንዳይለሰን።

ኤሌክትሪሺያን ከኮምቦልቻ

ከላይ በተጻፈው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ የመብራቱን ሥራ ግን ለለሳኝ አይስጡ። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ይስባል፤ በአሮጌ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። የሶኬቱ መጋልና የመብራቱ መደብዘዝ ምክንያቱ ይህ ወይም የላላ መያዣ ነው። ለምጣዱ ብቻውን ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሣ፣ ከ4 ካሬ ሚሊሜትር የማያንስ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ገመድ ያለው መስመር ይዘርጉለት። ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለውን ማንም የግል ባለሙያ እንዳይነካው፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። እስከዚያው እናትዎ በዚያ ሶኬት እንጀራ ባይጋግሩ ደስ ይለኛል።

አባ ሻሽ

ለየሙያው ሰው ይሰጥ ወደሚለው ያዘነበላችሁ ይመስለኛል፤ እኔ ግን በከፊል አልስማማም። ለግማሽ ቀን ሥራ አናጢም ለሳኝም ለየብቻ ብትጠሩ «ነገ እመጣለሁ» እየተባለ በጋው ያልፋል፤ ሁሉም የሚፈልገው ትልቅ ሕንፃ ነውና። ሁለገብ የሆነ ሰው ኃላፊነቱን ጠቅልሎ ይይዛል፣ ሲበላሽም «ያ ያበላሸው ነው» የሚልበት ሌላ ሰው የለውም። መብራቱን ለኤሌክትሪሺያን ትታችሁ የጣሪያውንና የግድግዳውን ሥራ ለዚያ ልጅ ብትሰጡት ምንም ክፋት የለውም። የማይዋጥልኝ ግማሽ ክፍያው ነው።

የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጁን ስለ ውኃው ስጠይቀው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ካየ በኋላ «ካትራም (ሬንጅ) እንቀባዋለን» ብሎኛል። አሸንዳው ትርፍ ወጪ ነው የሚል አስተያየትም አለው። ግማሽ ክፍያውን የፈለገው ለዕቃ መግዣ እንደሆነ ይናገራል።

ጡረተኛው ግንበኛ

ካትራም በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ለአንድ ክረምት ያዘግይ እንደሆነ እንጂ የላላውን ሚስማር አያጠብቅም። አሸንዳውን ትርፍ ማለቱ ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ የቤትዎን በሽታ የሚያስታግሰው ዋናው ነገር እሱና ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወስደው መተላለፊያ ስለሆነ። አስረድተውት ከተቀበለ ይሥራ፤ ካልተቀበለ ጨዋነቱን አመስግነው ሌላ ይፈልጉ።

ፒያሳ የሕግ ባለሙያ

ስለ ገንዘቡ ልጻፍ። ዕቃውን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ዘመድ ይግዛው፤ ባለሙያው የሚያስፈልገውን በዓይነትና በመጠን ይጻፍ፣ ደረሰኙም በእናትዎ እጅ ይቀመጥ። ያኔ የግማሽ ክፍያው ምክንያት ይቀራል። የእጅ ዋጋውን በሥራው ደረጃ ይክፈሉ፦ ጣሪያውና አሸንዳው ተጠናቅቆ በላዩ ላይ ውኃ ፈስሶበት ሳያፈስ ሲቀር አንድ ክፍል፣ ግድግዳው ሲያልቅ ሌላ ክፍል፣ የቀረው ደግሞ ከመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በኋላ። ይህን የመጨረሻውን ክፍል የማይቀበል ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም መጠኑ አነስተኛ ከሆነ በሥራው የሚተማመን ሰው አይቃወምም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 መሠረት በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊርማ ካልተረጋገጠ ስለማይጸና፣ ለጥንቃቄ ጎረቤቶቹ ይፈርሙ። ቀብድ ብለው የሚሰጡት ገንዘብ ካለም በአንቀጽ 1885 መሠረት እርስዎ ውሉን ቢተዉ ይቀርብዎታል፣ ተቀባዩ ቢተወው ግን እጥፉን ይመልሳል፤ ስለሆነም ከመክፈልዎ በፊት በውሉ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ያንብቡ። ከሩቅ ለመቆጣጠር ደግሞ በየምሽቱ ፎቶ ይላክልዎ፤ በተለይ ኮርኒሱ ወይም ልስኑ ከመሸፈኑ በፊት ያለው።

የሆጤ ልጅ

አሸንዳውን በውሉ ውስጥ እናስገባለን፤ ዕቃውን ገራዶ ያለው አጎቴ ሊገዛ ተስማምቷል። የመብራቱን ሥራ ለይቼ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ጭቃው በዚህ ብርድ ይደርቃል?

ጡረተኛው ግንበኛ

አብሽሪ እህቴ፣ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ መዘግየቱም ይጠቅመዋል፣ ፈጥኖ የደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃልና። የመጀመሪያው ድርብ እጅ ሲጫነው የማይጎደጉድ እስኪሆን ሁለተኛው አይደረብ፤ በጠዋት ውርጭም አይለሰን፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጀመር። የበልጉ ዝናብ በየካቲት ሊጀምር ስለሚችል ጣሪያውና አሸንዳው እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ፣ ግድግዳው በጥር ቢሠራ ይደርሳል። የኖራው ቅብ ግድግዳው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ ካልደረሰ ለሚቀጥለው በጋ ቢቆይ ቤቱ ምንም አይሆንም።