ከፒችትሪ ወደ ክላውድ መሄድ ለትንሽ አስመጪ ያዋጣል?

የሶኬት ነጋዴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ እያስመጣን እናከፋፍላለን ሶኬት ብሬከር ኬብል ምናምን፣ ሱቃችን መርካቶ መጋዘናችን ቃሊቲ ነው። ሒሳቡ አካውንታንቱ ላፕቶፕ ላይ በፒችትሪ ይሰራል፣ ስቶኩ ግን ኤክሴል ነው እሱም የሱቅና የመጋዘን ተብሎ ሁለት ፋይል፣ መቼም ገጥመው አያውቁም። ደንበኛ ደውሎ ባለ 32 አምፒር ብሬከር ስንት ካርቶን አላችሁ ሲለኝ ስቶር ኪፐሩ ሄዶ ቆጥሮ እስኪነግረኝ ሰውየው ከጎረቤት ገዝቶ ይሄዳል። ባለቤቴ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሰራ ሶፍትዌር፣ ይግባልን ከስልክ እናያለን ይላል፣ ኦዱ እና ኢአርፒ ኔክስት የሚባሉ ሶፍትዌሮች ሰምቻለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጭ ይቆማል ወይ? ክፍያውስ በዶላር ነው? ተጠቃሚው ስድስት ሰው ነው። የምታውቁ ንገሩኝ በናታችሁ

ደብተር ያዥ፦
እህቴ፣ ሻጮቹ ዳሽቦርድ እያሉ ሲያሳዩሽ ስለ ወሩ ጠይቂያቸው። የኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ በፈረንጁ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ማለት ነው፣ ኦዱ ላይ የዓመቱን መጨረሻ ጁላይ 7 ብለሽ ታስተካክያለሽ እሱ ቀላል ነው። ጣጣው ወሩ ላይ ነው፣ ቫት የምታሳውቂው በኛ ወር ነው ሶፍትዌሩ ግን የዚህ ወር ሪፖርት ስትይው ከጁላይ 1 እስከ 31 ያወጣልሻል፣ የሐምሌን ከፈለግሽ ሁሌ በእጅሽ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ማስገባት አለብሽ። ይሄን የማያውቅ ጀማሪ ልጅ የወጣለትን ቁጥር ሞልቶ ቢልክ ቅጣቱ ያንቺ ነው። ደሞዝ ለጊዜው ኤክሴል ላይ ይቆይ፣ ጳጉሜ የሚባል ወር እንዳለ የሚያውቅ የፈረንጅ ሶፍትዌር እስካሁን አላጋጠመኝም 😂

ሰርቨር አይተኛም፦
የኦዱ የሱቅ መሸጫው፣ ፒኦኤስ የሚሉት፣ ኔት እያለ ከከፈታችሁት መሃል ላይ ቢቋረጥም ይሸጣል፣ ብሮውዘሩ ውስጥ አጠራቅሞ ኔት ሲመለስ ይልከዋል ብቻ ገጹን እንዳትዘጉት። የመጋዘኑ ግን ኔት ከሌለ አይሰራም፣ ቃሊቲ ዳታ ያለው ስልክ ይኑር። ኦዱ ኦንላይን በሰው ቁጥር ነው የሚያስከፍለው በውጭ ምንዛሬ። ኢአርፒ ኔክስት ለሶፍትዌሩ አይከፈልበትም፣ አካውንቲንጉም ስቶኩም አብሮ አለው፣ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ላይ በብር ሰርቨር ተከራይቶ መጫን ይቻላል፣ የሚጭነው የሚያድሰውና ሲወድቅ የሚያነሳው ሰው ግን ይከፈለዋል። ኦዱም ኮሚኒቲ የሚባል ነፃ አለው፣ እሱ ላይ ሙሉው አካውንቲንግ የለም ኢንቮይስ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ከጀመረ በኋላ ነው የሚባንነው

የሶኬት ነጋዴዋ፦
ተባረኩ! የካሽ ሬጅስተሩ ነገርስ?

ደብተር ያዥ፦
ደረሰኙ ከማሽኑ ነው የሚወጣው፣ ክላውዱ በራሱ የሚያወጣው ተራ ኢንቮይስ እንደ ደረሰኝ አይቆጠርልሽም። ማሽኑ ከሲስተሙ ጋር ካልተገናኘ ሽያጩ ሁለቴ ይመታል፣ እኛ ሪፈረንስ የሚለው ቦታ ላይ ማሽኑ ደረሰኙ ላይ የሚያትመውን ኤፍኤስ ቁጥር እንጽፋለን፣ ኦዲት ሲመጣ በሱ ነው የምናመሳክረው

አባ መጋዘን፦
ልጄ የነገሩሽ ሁሉ ልክ ነው ግን ያንቺ ችግር ስቶክ እንጂ ሒሳብ አይደለም፣ ፒችትሪው ምን በደለሽ? ይቆይ። ኦዱ ኦንላይን አንድ አፕ ብቻ ከተጠቀምሽ ነፃ ነው፣ ኢንቬንተሪ የሚባለውን የስቶክ አፕ ብቻ ክፈቺና ስድስታችሁም ግቡ፣ ሁለተኛ አፕ ስትጨምሪ ነው ክፍያ የሚመጣው። ግን ዕቃው መጀመሪያ ኮድ ይውጣለት፣ አንዱ ነጭ ሶኬት ሌላው ሶኬት ነጭ ብሎ ካስገባ ያው ሁለቱ ኤክሴላችሁ ወደ ክላውድ ወጣ ማለት ነው። ደግሞ ባለሙያ ካስገባሽ ዋናው አድሚን በራስሽ ኢሜይል ይሁን፣ እኛን አንድ ድርጅት ሲስተም ተክሎልን ፓስዋርዱን ራሱ ይዞት ስንጣላ ዳታችንን ለማስለቀቅ ሽማግሌ ነው የላክነው!

የሶኬት ነጋዴዋ፦
ጋሼ ሽማግሌው አሳቀኝ 😂 እንግዲህ የሰኔ 30 ቆጠራ አይቀርልንም፣ ያኔ የሚወጣውን ሐምሌ 1 መነሻ አድርጌ አስገባዋለሁ ኮዱን ከአሁኑ እንጀምር። ኬብልስ? በጥቅል እያመጣን በሜትር ነው የምንቆርጠው

አባ መጋዘን፦
ስቶኩን በሜትር ያዢው፣ ግዢው ላይ አንድ ጥቅል 100 ሜትር ነው ብለሽ ትነግሪዋለሽ ራሱ ያባዛል። ይሄን ግን ዕቃ ከመግባቱ በፊት አድርጊው፣ አንዴ እንቅስቃሴ ከተመዘገበበት በኋላ መለኪያ ልቀይር ብትዪ ጣጣ ነው