«አይፈለጌ» እና «ስፓም»፦ የቆርቆሮ ሥጋው እዚህ ምን ይሠራል?

ከኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ወገኖች። ስልኬን ወደ አማርኛ ከቀየርኩ ወዲህ ኢሜይሌ ላይ ያልጠየቅኳቸው ማስታወቂያዎች የሚጠራቀሙበት «አይፈለጌ» የሚል ሳጥን አየሁ። ቃሉን ወድጄዋለሁ። እንግሊዝኛው ግን ስፓም ነው፤ ስፓም ደግሞ የታሸገ ሥጋ ስም ነው አሉኝ። ሥጋና መልእክት ምን አገናኛቸው?

ከቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ያገናኛቸው ቀልድ ነው። እኔ ይሄን ታሪክ በጣም ስለምወደው ትንሽ ላስረዝመው።

ስፓም በ1937 እ.ኤ.አ. ሆርሜል የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ገበያ ላይ ያዋለው የታሸገ የአሳማ ሥጋ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ውስጥ ሥጋ በራሽን ነበር፤ ይሄ ቆርቆሮ ግን ከአሜሪካ በገፍ ይገባ ነበር። የሥጋው ራሽን እስከ 1954 ስለቆየ አንድ ትውልድ እስኪያንገሸግሸው በላው። ሞንቲ ፓይተን የተባለውን የቢቢሲ የጭውውት ትዕይንት የሠሩት እንግሊዞች በዚያ ዘመን ያደጉ ልጆች ናቸው። (ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስሙን ያገኘው ከእባቡ ሳይሆን ከዚህ ትዕይንት ነው፤ ኮዲንግ የምትማሩ ልብ በሉ።)

የስፓሙ ጭውውት የታየው ዲሴምበር 15 ቀን 1970 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 1963 መሆኑ ነው። የጻፉት ቴሪ ጆንስና ማይክል ፔሊን ናቸው። ባልና ሚስት በገመድ ተንጠልጥለው ከላይ ወደ ቁርስ ቤት ይወርዳሉ። አስተናጋጇ ራሱ ቴሪ ጆንስ ነው፣ ቀሚስ ለብሶ ድምፁን አቅጥኖ። ሜኑውን ስትዘረዝር ስፓም የሌለበት ምግብ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ጠዋት የምበላባት ቁርስ ቤት ግድግዳዋ ላይ እንቁላል ፍርፍር፣ እንቁላል ስልስ፣ እንቁላል ሳንዱች፣ ፉል በእንቁላል፣ ስፔሻል ፉል ይላል፤ ስፔሻሉ ምን አለው ብላችሁ ስትጠይቁ እንቁላል ነው። በእንቁላሉ ቦታ ስፓም አስገቡበት። ሚስትየዋ አልፈልግም ትላለች፤ ጥግ ላይ የተቀመጡ ቫይኪንጎች (የድሮ የሰሜን አውሮፓ የባሕር ዘራፊዎች) «ስፓም ስፓም ስፓም» እያሉ መዝፈን ይጀምሩና የሰውን ወሬ ሁሉ ይውጡታል። መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ እንኳ ስፓም በየስሙ መሃል ተሰክቶ ነው ያለፈው።

ቁልፉ ያለው ዘፈኑ ላይ ነው። በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ላይ ተሰብስበው የሚያወሩና የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዱ ያቺኑ ቃል ደጋግሞ እየጻፈ የሌላውን ጽሑፍ ከስክሪኑ ላይ ገፍቶ ያወጣ ነበር። ስሙ ከዚያ ተለጠፈ። ቃሉን በሰፊው ካሳወቁት አንዱ ደግሞ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ኤፕሪል 12 ቀን 1994 አሪዞና ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች በሺዎች በሚቆጠሩ የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ለጠፉ። ምን ቢሸጡ ጥሩ ነው? የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ የእኛው ዲቪ!

ወደ አማርኛው ስመጣ፣ «አይፈለጌ» አሠራሩ ንጹሕ ነው። አይረሳ፣ አይረሴ። አይበገር፣ አይበገሬ። አይፈለግ፣ አይፈለጌ። የፈጠረው ሰው እጁ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጠዋት አደባባዩ ጋ አራት አምስት ሚኒባስ ተሰልፎ ረዳቶቹ «ቃሊቲ ቃሊቲ ቃሊቲ» ሲሉ ከእናቴ ጋር በስልክ መስማማት አቅቶን ዘጋሁት። እኔ እኮ የምሄደው ቃሊቲ ነበር፤ ጥሪውን እፈልገዋለሁ። ድግግሞሹ ነው ወሬዬን የዋጠው። ስፓምም ከሥሩ እንደዚያ ነው፣ አለመፈለጉ በኋላ የመጣ ነው።

ይሄን የሚይዝ ቃል ደግሞ አማርኛ ሞልቶታል። ነዘነዘ። ጨቀጨቀ። ወተወተ። ጎተጎተ። ፊደሎቹን ተመልከቱ፤ ነዘ ነዘ፣ ጨቀ ጨቀ። ድግግሞሹ ቃሉ ውስጥ ነው ያለው፣ ልክ እንደ ቫይኪንጎቹ ዘፈን። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «አይፈለጌ» ይቆይ፤ ስናወራ ግን ንዝንዝ ብንለው ባይ ነኝ።

ከለገጣፎ፦
በፊደሎቹ ነገር እስማማለሁ፣ ደስ የሚል ነው። ንዝንዝ ግን የሚያውቅህ ሰው ነው የሚያመጣው። ልጅ እናቱን ይነዘንዛል፣ ሚስት ባሏን። ነዝናዛ አንድ ነገር እስክትሰጠው ነው፣ ሲያገኝ ይተውሃል። ይሄ ግን ማን እንደሆንክ እንኳ አያውቅም፣ ለሺህ ሰው አንድ ላይ ነው የሚለቀው። ለእኔ «የመልእክት ውርጅብኝ» ይቀርባል።

ከቱሉ ዲምቱ፦
ውርጅብኝ ባንዴ ወርዶ ያልፋል ወንድሜ። ስፓም አያልፍም፤ ነገም በዚያው ሰዓት አለ። ስለማያውቀን ያልከው ግን ትክክል ነው፣ እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ከኮዬ ፈጬ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ እናቴ ቡና እያፈላች ስልኳ ጮኸ። ያ በየቀኑ ሽልማት ደርሶሻል የሚለው የአጭር ቁጥር መልእክት ነበር። ሳታነበው ስልኩን ገልብጣ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችውና «መጣ ደግሞ ይሄ ነዝናዛ» አለች። ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልነገርኳትም ነበር።