ጄራኒየም በኮሎራዶ፦ እናቴ «ክረምቱን እግዜር ያጠጣዋል» ብላኝ ነበር

ጠያቂ፦ የሌሊት ሠራተኛ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ዓመት ሜይ መጨረሻ ላይ ከቤቴ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር ስድስት ጄራኒየም ተከልሁ፤ ሦስቱ «ሮዛን» የሚባለው ሰማያዊ አበባ፣ ሦስቱ ደግሞ ቅጠሉ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ያለው ማክሮሪዙም። የሸጠልኝ ሰው «ቅጠሉ ይረግፋል እንጂ ሥሩ አይሞትም፣ በየዓመቱ ይመለሳል» ብሎኛል። ሥራዬ የሌሊት ነው። ጠዋት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ጎማውን አንሥቼ አምስት ደቂቃ አርከፈክፍና እተኛለሁ። ሞቃቱን ወራት እንደዚያ ሲያብቡ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ እየመጣች ትቆጥራቸው ነበር።

ኦክቶበር ላይ የግቢው አስተዳደር የሣሩን ማጠጫ ውሃ ዘጋ። ሽሮ ሜዳ ላለችው እናቴ ደውዬ «እማዬ፣ አሁንስ ላጠጣ ወይስ ልተው?» አልኋት። «ልጄ፣ አበባ ውሃ የሚጠማው በበጋ ነው፤ ክረምቱን እግዜር ያጠጣዋል» አለችኝ። እኔም ክረምት ገባ ብዬ ጎማውን ጠቅልዬ አስቀመጥሁት።

ኤፕሪል ላይ ያቆጠቆጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አራቱን ሳብ ባደርጋቸው እንደ ጭራሮ እጄ ላይ ቀሩ። የተረፉት የጣሪያው አሸንዳ ከሚያፈስስበት ጥግ ያሉት ናቸው። ብርዱ ነው የገደላቸው? በሞቱት ቦታ አራት ሌሎች ተክያለሁ፤ አሁን ኦክቶበር እንደገና መጣ። «እንደ አስፈላጊነቱ አጠጪ» የሚል ምክር ከበቂ በላይ አንብቤአለሁ፤ እባካችሁ በባልዲ ቆጥራችሁ ንገሩኝ።

የበረንዳ አበባ

እህቴ፣ መጀመሪያ የትኛው ጄራኒየም እንደሆነ ይጣራ። አዲስ አበባ በየበረንዳው በጣሳ ተተክሎ የምናውቀው ቀዩ አበባ ፔላርጎኒየም ነው፤ አብዛኛው ዘመዱ ያለው ደቡብ አፍሪካ ነው፣ አንድ ሌሊት ጠንካራ ውርጭ ካገኘው አለቀለት። የዕፅዋት ስም አውጪው ሊኔየስ በ1753 ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቷቸው ነበር። በ1789 ተለያይተዋል፤ ነጋዴው ግን እስከ ዛሬ ወሬው አልደረሰውም። የአንቺ የበረንዳው ከሆነ ውሃ አያድነውም፣ ወደ ቤት አስገቢው።

የሌሊት ሠራተኛ

የበረንዳው አይደለም። ሁለቱን ስሞች የጻፍሁት ከተክሎቹ ጋር ከመጣው ካርድ ላይ አይቼ ነው።

ባለ ካቻቪቴው (ዴንቨር)

ልጄ፣ የአሸንዳውን ነገር ባትጽፊ ኖሮ እኔም ብርድ ነው እል ነበር። ሮዛን ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ ማክሮሪዙም ከዚያም የባሰ ጠንካራ ነው። ብርድ ቢሆን የአሸንዳው ጥግ ተለይቶ አይምርም ነበር። እዚያ ግን የጣሪያው በረዶ በቀለጠ ቁጥር ውሃ ይንጠባጠባል። አራቱ የሞቱት ተጠምተው ነው።

እናትሽም አልተሳሳቱም። እሳቸው ክረምት ሲሉ ሐምሌና ነሐሴን ነው። ከጥቅምት ወዲያ ያለው በእሳቸው አነጋገር በጋ ነው፣ ያኔ አጠጪ ነው ያሉሽ። እዚህም ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ተመልከቺው፦ ፀሐይ፣ ደረቅ ነፋስ፣ አልፎ አልፎ ብን ብሎ የሚጠፋ በረዶ። ዴንቨር በዓመት የምታገኘው ውሃ በረዶው ተቆጥሮ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አዲስ አበባ ከአንድ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ስለዚህ የእናትሽን ምክር በወሩ ያዢው፣ በስሙ አትያዢው።

ሌላው ጥፋት የጠዋቷ አምስት ደቂቃ ናት። መሬታችን ዋልካ ነው፤ አርከፍክፈሽ ስትተዪው ውሃው ላይ ላዩን ይቀራል፣ ሥሩም እሱን ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል። ከዚያ ጎማው ሲጠቀለል መጀመሪያ የሚደርቀው ያ የላይኛው አፈር ነው።

በባልዲ ስላልሽ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የያዘ አንድ ተክል 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ያህል ውሃ አገኘ የሚባለው 6 ሊትር ያህል ሲጠጣ ነው። አንድ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ለሁለት ተክል ብትይው ትንሽ ቢጎድልም ብዙ አትሳሳቺም። አዲሶቹን በመጀመሪያው ዓመት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲህ አጠጪ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለት ጊዜ። ቀስ ብለሽ አፍስሺ፣ ሲሰርግ ጠብቂ፣ ቀሪውን ድገሚ። ሥር የሰደደ ማክሮሪዙም ጥላ ካለው ሁለት ሳምንት ይታገሣል፤ ሮዛን ግን እስከ ውርጭ ድረስ ስለሚያብብ ጠጪ ነው። ጁላይ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ቅጠሉን ይጥልና ያስደነግጥሻል። አትሩጪ። ማታ ፀሐይ ስትገባ ራሱን ካላቀና ያን ጊዜ አጠጪው።

እኔ የማምነው ካቻቪቴ ነው። ረጅሙን ወስደሽ ከተክሉ አጠገብ መሬቱን ውጊ። አንድ ስንዝር ያህል ያለ ግፊያ ከገባ ባልዲውን አስቀምጪው።

ከኦክቶበር እስከ ማርች መሬቱ ላይ በረዶ ከሌለ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን፣ እኩለ ቀን ግድም አጠጪ፤ ከምሽቱ ብርድ በፊት ሰርጎ ይደር። ከቤት በባልዲ ብታወጪው ይሻላል። በጎማ ከሆነ ስትጨርሺ ከቧንቧው ንቀዪው። እኔ አንድ ዲሴምበር ረስቼው ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ፈንድቶ ምድር ቤቱን ሙሉ ሌሊት በመጥረጊያ ስገፋ አደርሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ታወራዋለች።

የደቡብ ግድግዳ ሌላም ጣጣ አለው። ቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ ሌሊት ይጠጥራል፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲቀመጥ ተክሉን ከነሥሩ ይገፋዋል። ተገፍቶ ካየሽው በእጅሽ መልሰሽ ጫኚው። የእንጨት ፍቅፋቂ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጎዝጉዢለት፣ ቡቃያው የሚወጣበትን መሐሉን ግን አትሸፍኚ።

ዝናብ የጠገበ (ሲያትል)

ሲያትል ያላችሁ ይህን አንብባችሁ በዲሴምበር ባልዲ ይዛችሁ እንዳትወጡ! እዚህ የእናትየዋ ምክር ቃል በቃል ይሠራል። የእኔ ሁለት ሮዛኖች የሞቱት በጥማት ሳይሆን ውሃ ተኝቶባቸው በስብሰው ነው፤ ስነቅላቸው የጉድጓድ ሽታ ነበራቸው። አሁን መደቡን ከፍ አድርጌዋለሁ። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ሰማዩ ጠብ አያደርግም፤ ያኔ በየሳምንቱ አጠጣለሁ።

የሌሊት ሠራተኛ (ጃንዋሪ)

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት በረዶ አልጣለም፤ ዛሬ ሙቀቱ 11 ዲግሪ ደርሷል። ካቻቪቴውን ብወጋው ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቀጥ አለ። ለአራቱ ሁለት ባልዲ አፈሰስሁ፤ ሰርጎ እስኪያልቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እናቴ በስልኩ ምስል እያየችኝ «በካፖርት አበባ ታጠጫለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። አንዱ ማክሮሪዙም ተገፍቶ ወጥቶ ነበር፣ ጫንሁት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የአሸንዳዎቹን ሁለቱንም ላጠጣ?

ባለ ካቻቪቴው

እነሱንም ውጊያቸው፤ ሦስት ሳምንት ካልጣለ አሸንዳውም ደርቋል። ማርች ላይ ከባዱ በረዶ ሲመጣ ግን የአሸንዳውን አፍ ትንሽ ወደ ጎን አዙሪው፤ ያን ሁሉ ውሃ ዋልካው አይውጠውም።