ሚዲያና ፍልስፍና በአንድ ዲግሪ፦ ያዋጣል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ጋዜጠኝነትንና ፍልስፍናን አጣምረው በአንድ ዲግሪ ቢሰጡ ምን ትላላችሁ? ስድብ አይፈቀድም። «ፈላስፋ ሁሉ ሥራ ፈት ነው» የሚልም ይሰረዛል።

የዴስክ ሰው፦ አልደግፍም። አንድ ማታ የተቃጠለ አውቶብስ ፎቶ በቴሌግራም ደረሰን፤ «አሁን፣ እዚሁ ከተማችን» ይላል። ሊለቁት ሲሉ አንዷ ልጅ አጉልታ ስታየው፣ ከአውቶብሱ ጀርባ ያለው የሱቅ ታፔላ በዐረብኛ ነው። አለቀ! ይህን ያስተማራት የዜና ዴስክ ነው እንጂ ፕሌቶ አይደለም። ካለችው አራት ዓመት ላይ ለፍልስፍና ከቆረስን ዜና መጻፍ የማይችል ምሩቅ ነው የምናወጣው።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ወንድሜ፣ ታፔላው ባይኖርስ? የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ሁከት ሊያስነሳ የሚችል ሐሰት ያሰራጨውን ሰው የሚይዘው እያወቀ ሲለቅ ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ሲገባው ሳያጣራ ከለቀቀም ነው። ታዲያ «ማወቅ ይገባው ነበር» የሚባለው መቼ ነው? ስንት ምስክር ይበቃል? እናንተ ይህን በየማታው በግምት ትመልሱታላችሁ፤ ፍልስፍና ክፍል ውስጥ ግን ሴሚስተር ሙሉ ይፈተሻል።

ተመራቂ፦ ሎጂክ እኮ ፍሬሽማን ላይ ሁላችንም ወስደናል። የፋላሲ፣ ማለትም የተሳሳተ ክርክር፣ ስም ሸምድደን፣ ተፈትነን ረሳነው 😅 ይልቅ የመውጫ ፈተናውን አስቡ። ከ2015 ጀምሮ 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም። ጥምር ዲግሪ የያዘ ልጅ በየትኛው ሊፈተን ነው? በሁለቱም ከሆነ ፈረደበት!

መምህርት ነኝ፦ የፈተናው ነገር እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ግን ሁለቱ አይገናኙም የምትሉትን አልቀበልም። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የተባለውን የግዕዝ የፍልስፍና ጽሑፍ ውሰዱ። ጽሑፉ ደራሲው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአክሱም ሰው ነው ይላል። የምናውቃቸው ቅጂዎች ግን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ የተላኩት በአንድ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ እጅ ነው፤ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ። በ1920 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ። እስከ ዛሬም አልተቋጨም። ይህን ጉዳይ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ስጡት። ምንጩ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ምን ይጠቀማል? ጽሑፉን ከእሱ በፊት ያየ አለ? ወዲያው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ደራሲው ማንም ይሁን፣ ሐሳቡ ያው አይደለም ወይ? የመጀመሪያው የእናንተ የጋዜጠኞቹ ሙያ ነው፣ ሁለተኛው የእኛ የፍልስፍናዎቹ። ልጁ ግን ሁለቱንም በአንድ ወንበር ተቀምጦ ነው የሚጠይቀው።

የዴስክ ሰው፦ መምህርት፣ ይቺ ጥሩ ናት፤ እንዲህ ከሆነ እኔም ገብቼ እማራለሁ። ቢሆንም ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ሁለት የጋራ ኮርስ ይበቃል።

የሰባራ ባቡር ልጅ፦ ሁለት ኮርስ ብለህ ጀምርና እንደ ፍሬሽማኑ ሎጂክ ሽምደዳ ሆኖ ይቀራል።

ተመራቂ፦ ፈተናውን ማን ያወጣል? አሁንም አልተመለሰልኝም።